የቅዳሜው የህንድ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ሴት ስልኳን ከፍታ ኖሮ፣ አንድ የቆየ የህንድ ዘፈን መጀመሪያ ዋሽንት ብቻ ሆኖ፣ ቀጥሎም የሴት ድምፅ እየቀጠነ ወደ ላይ ሲወጣ ሰማሁና ፊቴ ድንገት ጋለ። ሴትዮዋ ሰው የረበሸች መስሏት ወዲያው አጠፋችው። እኔ ግን ሰፈሬ ቫይትቬት ደርሼ እስክወርድ ድረስ ዘፈኑን በሆዴ ጨረስኩት፤ ከእናቴ አፍ ነው የማውቀው፣ እናቴ ደግሞ የአንዱንም ቃል ትርጉም ሳታውቅ ከዳር እስከ ዳር ትዘፍነው ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቶየን በሚባል ሰፈር፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሰጠን ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ኦስሎ የመጣሁት ታዝዬ ስለሆነ ከዚያ ቤት በፊት የነበረውን አላስታውስም። አባቴ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፣ እናቴ አስካለ ብሪን በሚባል ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን ታጸዳ ነበር፣ እኔም ቁልፌን በአንገቴ አንጠልጥዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ደረጃውን እየወጣሁ በየበሩ ከሚወጣው የወጥ ሽታ የማን እናት ቤት እንዳለች እለይ ነበር። የእኛ በር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሸትም ነበር፤ እናቴ የምትገባው ከእኔ በኋላ ነበርና።

ሱኒታ ከእኛ በታች ካለው ቤት የገባችው ቅጠሉ በሚረግፍበት ወር ነው። ከህንድ የመጣች፣ ቀጭን፣ ረጅም ጸጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ የምትሰካ ሴት ነበረች፤ ባሏ በሰው ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ይሠራ ነበር፣ ልጇ ሚራ ደግሞ ከእኔ ክፍል ገባች። እናቴና ሱኒታ የተዋወቁት ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። እናቴ ማሽኑ እስኪጨርስ እየጠበቀች ያንን ዘፈን ታንጎራጉር ነበር፣ ሱኒታ የልብስ ቅርጫቷን ታቅፋ በሩ ላይ ደረሰችና ቆመች፣ ቆማም ሰማች፣ እናቴ የምታውቀው አልቆ ዝም ስትል ሱኒታ ከዚያው ቀጥላ ዘፈነችው። ከእናቴ ጎን የነበርኩ እኔ፣ ሁለት ትልልቅ ሴቶች በማጠቢያ ማሽን መካከል ቆመው ሲዘፍኑ ሰው ቢገባ ምን ይለናል ብዬ በሩን እጠብቅ ነበር።

«ህንድ ነበርሽ እንዴ?» አለቻት ሱኒታ በተሰባበረ ኖርዌይኛ።

«ነይ፣ ነይ» አለች እናቴ እየሳቀች፤ በኖርዌይኛ «አይደለም» ማለቷ ነበር። «ናዝሬት። ሲኒማ ቤት።»

ናዝሬት የት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀባት። አጎቷ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ትኬት ይቆርጥ ስለነበር በልጅነቷ የመጣውን የህንድ ፊልም ሁሉ በነጻ ገብታ አይታለች፤ አክተሩ አይሞትም፣ እናቱ ታውራለች፣ በመጨረሻ ሁሉም ይታረቃሉ፣ ይህን ሁሉ በእጇና በፊቷ ለሱኒታ አስረዳቻት። ሱኒታም የሳቅ እንባዋን እየጠረገች «ዲዲ» አለቻት። ታላቅ እህቴ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን በስሟ ጠርታት አታውቅም ነበር።

ሚራና እኔ እናቶቻችን ሳያስተዋውቁን ጓደኛ ሆንን። እሷ ደፋር ነበረች፣ ለመምህሯ እንኳ መልስ የማታጣ፣ እኔ ደግሞ ጥያቄ ከተጠየቅሁ የማውቀውንም የምረሳ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ቤታችን ስትመጣ እናቴ ሳህን አቅርባ «ነይ፣ ሚራዬ፣ ነይ!» ስትላት ልጅቷ ወደ ኋላ ትሸሽ ነበር። በኖርዌይኛ «አይሆንም» የምትላት መስሏት ኖሯል። ለካስ ስንት ቀን በራብ ተቀምጣ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፤ እናቴ ነገሩ ሲገባት አቅፋት በሳቅ ሞተች፣ ሚራም ከዚያ በኋላ እኔን ስትጠራኝ ሆነ ብላ «ነይ» ትለኝ ነበር፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ መሐል፣ ልትጠራኝም፣ «አይሆንም» ልትለኝም።

በረዶው ሲወርድ ቅዳሜ የፊልም ቀን ሆነ። እናቴ ቅዳሜ እስከ ቀትር ሠርታ ስለምትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር በቀጥታ ወደ ሱኒታ ቤት ትገባ ነበር። አንድ ሶፋ ብቻ ነበራቸው፤ እናቶቻችን ሶፋው ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ይቀመጡ ነበር፣ ሚራና እኔ ምንጣፉ ላይ ተኝተን እግራችንን ማሞቂያው ላይ እንሰቅል ነበር። ሱኒታ የተቆላ ሽምብራ በጨውና በሎሚ ታቀርብ ነበር፣ እናቴም ይዛ የገባችውን ዳቦ ትቆርስ ነበር። አባቴ አንዳንድ ቀን በራፍ ላይ ቆሞ ጥቂት አይቶ፣ «እነዚህ ሰዎች ሲያዝኑም ይጨፍራሉ» ብሎ ይሄድ ነበር።

ከሁሉም የምንወደው አንድ ፊልም ነበር። ሲዲው ከመጫጫሩ የተነሣ መሐል ላይ እየቆመ ሱኒታ በቀሚሷ እየወለወለች ትመልሰው ነበር። የሁለት ልጃገረዶች ታሪክ ነው፤ አንዷ የባለጸጋ ልጅ፣ ሌላዋ የዚያው ቤት ድስት አጣቢ ልጅ። በአንድ ግቢ ያድጋሉ፣ በአንድ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። አንድ ቀን የድስት አጣቢዋ ልጅ ውኃ ጠምቷት ከጓደኛዋ ብርጭቆ ትጠጣለች፣ የባለጸጋው እናት አይታ ብርጭቆውን ከእጇ ነጥቃ ግድግዳ ላይ ትሰብረዋለች። ልጅቷ ተንበርክካ ስብርባሪውን ትለቅማለች። እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ ሶፋው ላይ ለቅሶ ይሆን ነበር። ሱኒታ የሚሉትን በኖርዌይኛ ለእናቴ ትተረጉምላት ነበር፣ እናቴ ደግሞ ያልገባትን ከራሷ ጨምራ በአማርኛ ለእኔ ትነግረኝ ነበር፣ እኔም ለሚራ እመልስላት ነበር፣ ሚራም ህንድኛውን ስለምትሰማ «እንደዚያ አላለችም!» እያለች ትጮኽ ነበር። በመጨረሻ ባለጸጋዋ ልጅ ስትሞሸር ድስት አጣቢዋ ልጅ ታስተናግዳለች፣ ሙሽራዋም ከዙፋኗ ወርዳ ከጓደኛዋ እጅ ሳህኑን ተቀብላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከአንድ ሳህን አብረው ይበላሉ። ሱኒታና እናቴ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያለቅሱ ነበር። በዚያ ዘመን እኛ ከድስት አጣቢዋ ወገን እንሁን ከባለጸጋዋ ወገን አስቤ አላውቅም፤ አንዳችንም ባለጸጋ አልነበርንማ።

በረዶው ሲቀልጥ የሚራ አባት ከሚሠራበት ቤት ወጥቶ ከወንድሙ ጋር የራሱን ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ። ሰው ወደደለት። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም ይሞሉ ጀመር፣ ሱኒታ ጸጉሯን በእርሳስ መሰካት ተወች። በሚቀጥለው ዓመት ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ከከተማው በላይ፣ ባቡሩ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ኮረብታ ላይ ቤት ገዙ። ዕቃቸው ሲጫን እናቴና አባቴ አብረው ተሸከሙ፤ ሱኒታ ደረጃው ላይ እናቴን አቅፋ «ዲዲ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አትቀሪም፣ ሶፋው ትልቅ ነው» ስትላት እናቴ በእንባ ሳቀች።

ያን በጋ እውነትም አልቀረንም። ከባቡሩ ወርደን ሽቅብ ስንሄድ ሁለት ወገን የፖም ዛፍ ነበር፣ ከቤታቸው በረንዳ ደግሞ ባሕሩ ይታይ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጫማዬን አውልቄ ካልሲዬ ተረከዙ ላይ መቀደዱን ሳየው አንዱን እግሬን በሌላው ላይ አድርጌ ቆምኩ፣ ሚራ እየጎተተች ቤቱን ስታሳየኝም እንደዚያው እያነከስኩ ዞርኩ። ሱኒታ ስንሄድ ሚራ የጠበባትን ልብስ በከረጢት ትሰጠን ነበር። እናቴ «እግዜር ይስጥሽ» ብላ በአማርኛ ትቀበላት ነበር፣ እኔ ግን ባቡሩ ውስጥ ከረጢቱን ከእግሬ በታች እገፋው ነበር። ልብሶቹ ያምራሉ፤ ያስጠሉኝ ለዚያ ነበር።

በጋው ሲያልቅ ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን ሆነ። ብሪን ያለው ሥራ ለእናቴ ሰዓት ቀነሰባት፣ ሱኒታ ደግሞ ከበረንዳው ደረጃ ወድቃ እጇ ተሰበረ። እናቴ እንደሰማች ሄዳ ቤቱን አጸዳችላት፣ ልብሷን አጠበችላት፣ ወጥም ሠራችላት። እንዲህ ያለ ነገር በቶየኑ ደረጃ ላይ ማንም ለማንም የሚያደርገው ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ግን የሚራ አባት በር ላይ ጠብቆ በእጇ ብር አስጨበጣት። አልወስድም አለች፤ አስጨነቃት። ማታ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ።

«ምን ክፋት አለው?» አለ አባቴ። «ከማታውቂው ሰው ቤት አይሻልም?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አለች እናቴ። «ከማላውቀው ሰው ቤት ቢሆን ይቀል ነበር።»

ቢሆንም ወሰደችው፤ ሰዓቷ ተቀንሶ ነበር። የሱኒታ እጅ ድኖም እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን መሄዷን ቀጠለች፣ ቁልፍም ሰጧት። የቅዳሜው ፊልም መቼ እንደቆመ በትክክል አላስታውስም። እናቴ ዓርብ እዚያ ስለምትውል ቅዳሜ እንደገና መሄድ ለሱኒታም ለእሷም ግር ያላቸው ይመስለኛል። ሚራ ትምህርት ቤት ቀይራ ስለነበር የምንገናኘው እናቴ ይዛኝ በሄደችበት ቀን ብቻ ሆነ፣ እሱም እኛ ፎቅ ላይ ስንጫወት የመጥረጊያው ማሽን ድምፅ ከታች ወደ ላይ እየቀረበ ይመጣ ነበር። ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ሚራ እግሯን ታነሣለች፣ እኔ ደግሞ ተነሥቼ ማሽኑን ከእናቴ ልቀበላት እሞክራለሁ፣ እናቴም በዓይኗ «ተቀመጪ» ትለኛለች። የት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር።

ቅጠሉ እንደገና ሲረግፍ የብርሃን በዓላቸው ደረሰና ሱኒታ ሰው ጠራች። እኛንም ጠራች። «ያንን ፊልም ነው የምናየው፣ አዲስ ሲዲ አግኝቻለሁ፣ ዲዲ፣ እንዳትቀሪ» አለቻት። እናቴ ደስ አላት። ዓርብ ቤቱን ለበዓሉ ከላይ እስከ ታች አጸዳች፣ ቅዳሜ ደግሞ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለጥምቀት የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ እኔንም ከከረጢቱ ውስጥ ከወጣው ከሁሉ የሚያምረውን ሰማያዊ ቀሚስ አልብሳኝ ሄድን። አባቴ ሥራ ነበረው።

ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ነበር። በየመስኮቱ ትናንሽ መብራት ተደርድሯል፣ የሴቶቹ ልብስ ወርቅና ሐምራዊ ነበር፣ ከመካከላቸውም ኖርዌጂያን ጎረቤቶች ነበሩ። ሱኒታ እናቴን ጉንጯን ስማ ወደ እንግዶቿ ዞረችና፣

«አስካለ ናት» አለች በኖርዌይኛ፣ አሁን የተስተካከለ ኖርዌይኛ ነበራት። «ቤቱን የምታግዘን። ያለ እሷ እኔ ሰው አልሆንም።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። «እኔም እንዲህ ያለች ባገኘሁ!» አለች አንዷ። እናቴ ፈገግ ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገች። እኔ ግን የሰማሁት ስሟን ብቻ ነው። ሱኒታ እናቴን በስሟ ስትጠራት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

ከልጆቹ አንዷ፣ የሚራ አዲስ ጓደኛ፣ ቀሚሴን አተኩራ አይታ «ይሄ የሚራ አይደለም?» አለች። ሚራ ቀደመችኝ። «ነይ፣ የራሷ ነው፣ አንድ ዓይነት ነው የገዛነው» አለች። ልታድነኝ ነበር። ልጅቷ አላመነችም፣ ሚራም እንዳላመነች አወቀች፣ ሦስታችንም ወለሉን እያየን ቆምን፣ እኔም በልቤ ሚራ ዝም ብትል ኖሮ ይሻለኝ ነበር እያልኩ፣ ጓደኛዬ ልትዋሽልኝ ግድ መሆኑ ከቀሚሱ ይልቅ ከበደኝ።

ፊልሙ ሲጀመር እንግዶቹ በሰፊው ሶፋ ላይ ተደረደሩ፣ ለእናቴና ለእኔ ከሶፋው ኋላ ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መጣልን። በደንብ ይታይ ነበር፤ የሚያስከፋ ቦታ አልነበረም። እናቴ ዘፈኖቹ ሲመጡ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። ከዚያ ብርጭቆው የሚሰበርበት ቦታ ደረሰ። ድስት አጣቢዋ ልጅ ተንበርክካ ስብርባሪውን መልቀም ስትጀምር ሳሎኑ በሙሉ ያለቅስ ጀመር፣ ኖርዌጂያኗ ጎረቤት መነጽሯን አወለቀች፣ ሱኒታ ከሁሉም በልጣ ትንሰቀሰቅ ነበር። እየተንሰቀሰቀች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ ባዶ የሻይ ስኒዋን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ ዘረጋችው።

ወደ እናቴ ነው የዘረጋችው። ዘወር ብላ አላየችም። እጁ በራሱ የሚያውቀውን መንገድ እንደሄደ ሁሉ ሄደ፣ ስኒውም አየር ላይ ቆሞ ጠበቀ።

እናቴ ስኒውን አየችው። በጣም አጭር ጊዜ ነው፣ ግን አይታ ስታስብ አየኋት። ከዚያ ተቀበለችው፣ ተነሣች፣ የሱኒታን ብቻ ይዛ መሄድ አላስቻላትም መሰለኝ ከየእንግዳው ፊት ስኒ እየሰበሰበች በትሪ ላይ ደረደረች። «ታክ፣ ታክ» እያሉ ያመሰግኗት ነበር እያለቀሱ። ሚራ ዞር ብላ አየችና ተነሥታ ትሪውን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ሚራ፣ ተቀመጪ» አለች ሱኒታ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ዋናው ቦታ ሊያመልጥሽ ነው።»

ሚራ እኔን አየችኝ፣ ተቀመጠችም። ጆሮዬ ሲግል፣ አንገቴ ሲግል፣ ቀሚሱ በገላዬ ላይ እንደ እሳት ሲሆን ይሰማኝ ነበር። ወደ ወጥ ቤት ተከተልኳት። እናቴ የነጭ ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ ስኒዎቹን ታለቀልቅ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለችኝ። «ሂጂ እይ፣ ሠርጉ ሊደርስ ነው።»

«አይቼዋለሁ።»

«እንደገና እይዋ።»

«እማዬ፣ ዛሬ ለምን አላለቀስሽም?»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። «እንጃ» አለች፣ ቀጥላም ፎጣውን አቀበለችኝ። አድርቄ አድርቄ ሰጠኋት፣ እሷም ሻይ ቀድታ ወሰደችላቸው፤ ከሳሎኑ የሠርጉ ዘፈንና ጭብጨባ እየመጣ ነበር። የራሳችንን ሻይ ቆመን ጠጣን።

ቤት ስንደርስ አባቴ በር ከፍቶልን «እሺ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?» አላት። «ያው ነው» አለች፣ ቀሚሷንም አውልቃ አጥባ ልትሰቅለው ገባች።

በሚቀጥለው ዓርብ ትምህርት ስላልነበረኝ ይዛኝ ሄደች። ሥራዋን እንደ ሁልጊዜው ሠራች፣ መስኮቱን ሳይቀር፣ ከዚያ ሱኒታ ስትገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በደንብ በማትችለው ቋንቋ ያን ያህል ረጅም ንግግር ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ባቡሩ ውስጥ ስታጠና የመጣችው መሆን አለበት።

«ይሄን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራልሽ» አለቻት። «እኔ ቅዳሜ ልምጣ። እንደ ድሮው፣ ለፊልም።»

ሱኒታ ደነገጠች። «ምን አጠፋሁ? ክፍያው አነሰሽ?»

«ነይ። አላነሰኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስኒውን ስትሰጪኝ አላየሽኝም።»

«የቱን ስኒ?» አለች ሱኒታ።

እየዋሸች አልነበረም። ግንባሯን አጥፋ ለማስታወስ ትሞክር ነበር፤ እናቴን አየች፣ እኔን አየች፣ እውነትም አላስታወሰችውም። እናቴ ልታስረዳት አፏን ከፈተችና ተወችው። ፊቷ ቀላ፤ የተበደለችው እሷ ሆና ያፈረችውም እሷ ሆነች፣ ትልቅ ነገር አድርጋ የያዘችው ለሌላው ኢምንት ሆኖ ስታገኘው። ሱኒታ ተነሥታ አቀፈቻት። «ዲዲ፣ እሺ፣ እሺ፣ ቅዳሜ» አለች። «ደግሞ ፊልሙን ብቻችንን ነው የምናየው።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንግዳ መጣባት። በሁለተኛው ምግብ ቤቱ ሰው ጎደለበት። ሱኒታ ራሷ እየደወለች በጣም እያዘነች ትነግራት ነበር፣ እናቴም «ችግር የለም፣ ችግር የለም» ትላት ነበር። ከዚያ መደወሉ ቀነሰ። የተጣላ ሰው የለም፣ ክፉ ቃልም አልወጣም። እናቴ ግን ያን የበረዶ ወራት ሁሉ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሌላ ቀጠሮ አልያዘችም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሲጠሯት «ቅዳሜ እንኳ አይመቸኝም» ስትል እሰማት ነበር። ጸጉሯን አበጥራ፣ የመውጫ ልብሷን ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፣ እኔም ከመኝታ ክፍሌ ወጥቼ እንዲያ ሆና እንዳላያት ውኃ ጥሜን ችዬ እቀመጥ ነበር። ስኒውን ከተቀበለችበት ቀን ይልቅ ያ መጠበቋ ያሳፍረኝ ነበር። በማን እንደማፍር ግን አላውቅም ነበር።

ጸደይ ሲገባ አንድ ቀን በሩ ተንኳኳና ሚራ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። ቁመቷ ከእኔ በልጦ ነበር። እናቴ ከውስጥ አይታት «ነይ! ነይ፣ ሚራዬ!» ስትል ልጅቷ እንደ ድሮው ልትስቅ ሞከረች። ገብታ የቀረበላትን ሁሉ በላች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ «ማማ እናትሽ እንደተቆጣቻት ነው የምታስበው። ታፍራለች፣ ለዚያ ነው የማትደውለው» አለችኝ። «የእኔም እናት ታፍራለች» አልኳት። ሁለታችንም ይህን ለእናቶቻችን ብንነግራቸው ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ልጆች ነበርን፤ እሱን ማን ይነግራል። ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ከተማ ስንተያይ እጅ እንነሣሣ ነበር፣ በኋላም እሱ ቀረ።

አሁን ቫይትቬት፣ ትንሽ ግቢ ባለው ቤት ውስጥ ከባሌና ከልጃችን ጋር እኖራለሁ። ሁለታችንም እስከ ማታ ስለምንሠራ ባሌ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ የምታጸዳ ሴት አገኘ። ዳይና ትባላለች፣ ከሊትዌኒያ ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ሥራ አልሄድኩም ነበር፤ እሷ ከመድረሷ በፊት መታጠቢያ ቤቱን አጠብኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ፣ ስትገባ የምትሠራው እንኳ አልነበራትም። ሻይ አፍልቼ ተቀመጪ አልኳት። ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን እያየች ትኩሱን በጥድፊያ ጠጣችው። እናቴ፣ ጡረታ ወጥታ ልጄን የምትጠብቅልኝ፣ ከሶፋው ሆና ታየን ነበር።

«አስጨነቅሻት» አለችኝ ሴትዮዋ ስትወጣ።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማዬ?»

«ስትገባ ዓይኗን አይተሽ ሰላም በያት። ከዚያ ሥራዋን ትሥራ፣ ተያት።»

ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ማሽኑ ወደ እኔ ሲቀርብ ዛሬም የት እንደምቀመጥ አላውቅም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ በማለዳ ከቤት እወጣለሁ፣ በሩን የምትከፍትላት እናቴ ናት። የቶየኖቹ ሴቶች በደንብ የሚችሉት የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው የልብስ ማጠቢያ ውስጥ እህት ሆኑ፤ እኔ የዚህን አገር ቋንቋ እንደ ተወላጁ እየተናገርኩ ለአንዲት ሴት ከ«ሰላም» ቀጥሎ የምለው ይጠፋኛል። ማታ ስገባ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ እናቴም ልጄን አስተኝታ ትጠብቀኛለች። የዳይና ትንሹ ልጅ ትኩሳት እንደለቀቀው፣ እናቷ ለበዓል እንደምትመጣ፣ ከተከራየችበት ቤት ባለቤት ጋር እንደተነጋገረች፣ ሁሉንም የምሰማው ከእናቴ ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አንድም ቀን አልገባኝም።

«ዛሬስ ምን አለችሽ?» እላታለሁ ጫማዬን እያወለቅኩ። እናቴም አጠገቧ ቦታ ትለቅልኝና ትነግረኛለች።